ከደሴ ቤተሰብ ይዞ ብስክሌት ለመንዳት፦ የት ይጀመር?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ ነው። ለእኔና ለባለቤቴ ባለ 26 ኢንች፣ ለ12 ዓመት ሴት ልጄ ባለ 24፣ ለ8 ዓመት ወንድ ልጄ ባለ 20 ኢንች ያገለገሉ የተራራ ብስክሌቶች ገዝቻለሁ። እኔ በልጅነቴ ነድቻለሁ፤ ልጆቹም ሰፈር ውስጥ ይነዳሉ። ባለቤቴ ግን ጨርሶ ነድታ አታውቅም። ቁልቁለት ስለሆነ አይከብድም ብዬ አንድ እሑድ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ አድርገን ኮምቦልቻ ለመውረድ አስቤአለሁ። ለጀማሪና ለቤተሰብ የሚሆነው ቀላል መንገድ የትኛው ነው?»

ምላሽ፦

ወንድም ዓለም፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት የሐረጎውን ጉዞ እንዲተዉት ነው። ብስክሌት በመጠገንና ጀማሪዎችን በማለማመድ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ አባት፣ እናትና ልጆች አብረው ሊነዱ ነው ሲባል ከልቤ ደስ ይለኛል። የምሰጋውም ለዚሁ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የደነገጠ ቤተሰብ ብስክሌቱን ግቢ ጥግ አቁሞ ዳግም አይነካውም።

«ቁልቁለት ስለሆነ አይከብድም» የሚለውን ከብዙ ሰው እሰማዋለሁ። ቁልቁለት የሚቀለው ለእግር ብቻ ነው፤ ለእጅ፣ ለፍሬንና ለጀማሪ ልብ ከዳገት ይብሳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ልዩነቱ ለየኪሎ ሜትሩ እኩል ቢከፋፈል ኖሮ ከ3 በመቶ ያነሰ ተዳፋት ይሆን ነበር፤ ያ ማንንም አያስፈራም። ነገር ግን እኩል አልተከፋፈለም፤ ክብደቱ ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ተጠራቅሟል። ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 600 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ከዚያ ውስጥ ነፋስ የሚወስደው ድርሻ አለው፤ ሆኖም ፈርቶ ፍሬን እንደያዘ የሚወርድ ጀማሪ አብዛኛውን ሙቀት የሚያሸክመው ለፍሬኑ ጎማና ለቸርኬው (ለመንኮራኩሩ ክብ ጠርዝ) ነው። ቸርኬ ከመጠን በላይ ሲግል ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ዓመታት ቆይቶ የደረቀ የፍሬን ጎማ ደግሞ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የ8 ዓመት ልጅ ጣትም ያን ያህል ጊዜ ጨብጦ መቆየት አይችልም፤ ዝሎ የሚለቀው ጠመዝማዛው ሳያልቅ ነው።

በዚያ ላይ የመኪናው ነገር አለ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚደርሰው ጭነት ወደ ደሴና ወደ ሰሜን የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ተሳቢ መኪና ጠባብ ኩርባ ላይ ሲታጠፍ የመንገዱን ጠርዝ ሁሉ ይወስዳል፤ ጉም የወረደ ዕለት ደግሞ ሾፌሩ ብስክሌቱን የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው። ለዚህ መንገድ ልምድ ያለው አዋቂ እንኳ አስቦበት ይወጣል፤ ለልጆች ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ታዲያ ቀላል መንገድ የቱ ነው? በብዙ አገሮች የተራራ ብስክሌት መንገዶች በቀለም ተመድበው ምልክት ይተከልላቸዋል፤ አረንጓዴ ክብ ያለበት ለጀማሪ የሚሆነው ነው። መስፈርቱ ግልጽ ነው፦ አማካይ ተዳፋቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም፣ እጅግ ቀጥ ያለው ቦታ እንኳ ከ15 በመቶ አያልፍም፣ ስፋቱ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፣ መሬቱ የጠነከረ ነው፣ ዞር ብለው ሊያልፉት የማይችሉት ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ካለም ቁመቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። 5 በመቶ ማለት 100 ሜትር ሲጓዙ 5 ሜትር መውጣት ወይም መውረድ ነው። በእኛ አካባቢ ሰሌዳ የሚጠብቅዎት የለም፤ መስፈርቱን ይዘው መንገዱን በራስዎ ዐይን መመዘን ይኖርብዎታል።

እኔ ለደሴ ሰው በዚህ ላይ ከሁሉም የማስቀድመውን አንድ መስፈርት እጨምራለሁ፤ እርሱም መመለሻው ነው። ከተማችን በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተሰነቀረች ናት። ከቤትዎ ደጃፍ ተነስተው በነዱ ቁጥር መንገዱ ወይ ወዲያው ይወጣል፣ ወይ ወዲያው ይወርዳል። የሚወርደው ያታልላል። ወደ ገራዶ ሸለቆ ቢያመሩ ሲሄዱ ልጆቹ ይስቃሉ፤ ሲመለሱ ግን ፀሐዩ በርትቷል፣ ውሃው አልቋል፣ እግር ዝሏል፤ ዳገቱ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። አባት ሁለት ብስክሌት እየገፋ፣ እናት የሚያለቅስ ልጅ እያባበለች የሚመለሱበት ጉዞ በካርታ ላይ ሲታይ አጭር ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር ይያዙልኝ። አንደኛ፣ ከቤት አይነሱ፤ ብስክሌቶቹን በመኪና ሜዳ ላይ አድርሰው እዚያ ያውርዱ። ሁለተኛ፣ ሜዳ ላይም ቢሆን ትንሽ ተዳፋት አይጠፋምና ሁልጊዜ በሚወጣው በኩል ይጀምሩ፤ ሲደክማችሁ መንገዱ ራሱ ወደ መኪናው ይመልሳችኋል።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ቦሩ ሜዳ ነው። ከከተማው በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስሙን በታሪክ ያውቁታል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖቱን ጉባኤ ያስደረጉት እዚያ ነው። ሠራዊትና ሊቃውንት የሰፈሩበት ቦታ ለጀማሪ የሚበጀው ገላጣ ስለሆነ ነው፤ ልጆቹን ከሩቅ ማየት ይችላሉ፣ የሚመጣውን ከብትም ሆነ መኪና አስቀድመው ያያሉ። መኪናውን ካቆሙ በኋላ ከብት የሚነዳበትን ሰፊ የእግር መንገድ ይምረጡና መጀመሪያ አንድ ኪሎ ሜትር በእግርዎ ይሂዱበት። ዐይንዎ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ልቅ ጠጠርና መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ ቦይ። የአዋቂው ጎማ ተንገጫግጮ የሚያልፈው ቦይ የልጁን ባለ 20 ኢንች የፊት ጎማ ይውጠዋል፤ ልጁም በመሪው ላይ ይወረወራል። ቦይ ካገኙ ያን ቦታ «እዚህ እንወርዳለን» ብለው ለልጆቹ አስቀድመው ያሳዩአቸው። ያንኑ አንድ ኪሎ ሜትር ደጋግመው መመላለስ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል። ልጆች ደግሞ በመደጋገም አይሰለቹም፤ በሁለተኛው ዙር የፈሩትን ቦታ በሦስተኛው ዙር ሲያልፉት ፊታቸውን ማየት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማለዳው ውርጭ ስለሆነ ለልጆቹ ጓንት ይያዙ፤ ጣቱ የደነዘዘ ልጅ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል።

ሁለተኛው ኮምቦልቻ ነው፤ በሐረጎ በብስክሌት ሳይሆን በመኪና ወርደው። ብዙ ሰው ኮምቦልቻን የሚያስባት የፋብሪካና የደረቅ ወደብ ከተማ አድርጎ ብቻ ነው። ለብስክሌት ግን ደሴ ያልታደለችው ሜዳ አላት። ዋናውን አስፋልት ለመኪና ትተው በከተማዋ ጠርዝ ወደ እርሻው የሚገቡትን የጋሪና የእግር መንገዶች ይያዙ፤ ወደ አየር ማረፊያውና ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አጥር ግን አይጠጉ። ከደሴ በ4 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ ማለዳ ጀምረው ፀሐይ ሳይበረታ መጨረስ ይሻላል። የቦርከናን ዳር የሚከተል መንገድ በበጋ ደስ ይላል፤ በዝናብ ወራት ግን ደሴ በኩል የዘነበው ዝናብ ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል ወንዙን በብስክሌት ለመሻገር አይሞክሩ። ሌላው የኮምቦልቻ ጣጣ የግራር እሾህ ነው። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ላስቲክና መንፊያ ሳይዙ አይውጡ፤ እሾሁን ከጎማው ውስጥ በጣትዎ ዳብሰው ሳያወጡ አዲሱን ከመነዳሪ ከከተቱ እርሱም ወዲያው ይበሳል።

ሐይቅን በሦስተኛ ደረጃ አስቀምጠዋለሁ፤ ውበቱ አንሶ ሳይሆን ጥቂት ልምድ ስለሚፈልግ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ ዛፍ፣ ወፍና ንፋስ ያለበት ስለሆነ ልጆች ይወዱታል። ነገር ግን የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር የሚበልጥበት ቦታ አለ። ፍሬን ይዞ በፈለገበት ቦታ መቆም ያልቻለ ልጅ ከውሃው ዳር መንዳት የለበትም። የእስጢፋኖስን ገዳም ለመሳለም ካሰቡም ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም እንደማይገቡ አስቀድመው ይወቁ፤ ባለቤትዎና ሴት ልጅዎ ደጅ ቆመው እንዳይጠብቁ ጉዞውን በዚያው ልክ ያሰናዱ።

የጦሳና የየጎፍ ተራሮችን ለእግር ጉዞ ይተዉአቸው። ሁለቱም ለጀማሪ ብስክሌት ቀጥ ያሉ ናቸው።

ቦታው ላይ ሲደርሱ የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ አይነሱ። የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አገራችን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈባት ስለሆነች ለልጆቹ በጥብቅ ይንገሯቸው፦ መንገድ ዳር ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ የማያውቁትን ብረት አይነኩም፣ በእግራቸውም አይገፉም፣ ያዩትን መጥተው ይናገራሉ። ከተረገጠ መንገድ ወጥቶ በጫካ ማቋረጥም ይቅር።

አሁን ወደ ብስክሌቶቹ ልምጣ። ልኮቹ ለዕድሜያቸው ተስማሚ ናቸው። ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ግን ከሁሉ በፊት ፍሬኑን ይመርምሩ። ከተለያየ አገር የመጡ ብስክሌቶች የፍሬን አያያዛቸው ይለያያል፤ በአንዱ የቀኙ እጅ የፊቱን ጎማ ሲይዝ በሌላው የኋላውን ይይዛል። አራቱም አንድ ዓይነት እስኪሆኑ ሽቦውን ያለዋውጡ፤ ልጆች ብስክሌት ሲቀያየሩ የሚወድቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት ቦዮች ጠፍተው ከሆነ፣ ወይም በጥፍርዎ ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ከደረቀ ይቀይሩት። ጎማው የሚያርፈው በቸርኬው ላይ ብቻ መሆን አለበት፤ ጫፉ የብስክሌቱን ጎማ ከነካ ቀን ቆጥሮ ይቀደዋል። ቀጥሎ ልጅዎን ብስክሌቱ ላይ አስቀምጠው በሁለት ጣቱ ፍሬኑን እንዲይዝ ያድርጉ። ጣቱ ካልደረሰ የፍሬኑ መያዣ ሥር ትንሽ ብሎን አለች፤ እርስዋን ወደ ውስጥ ሲያጠብቁ መያዣው ወደ እጁ ይቀርባል። ይህን ብሎን ሳያውቅ ልጁን «ፈሪ ነው» የሚል ወላጅ ያጋጥመኛል፤ ልጁ ግን ፍሬኑ አልደረሰውም።

የጎማ ንፋስ ሌላው ነው። ጎሚስታ ዘንድ በመኪና ልማድ ጢም አድርገው ሲሞሉት ብስክሌቱ በጠጠር ላይ ይፈናጠራል። በአፈር መንገድ ለአዋቂ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ለልጆቹ ከ20 እስከ 25 ይበቃል። ከዚያ በጣም ካነሰ ደግሞ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ይበሳል። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ጥቂት ዘይት ያንጠባጥቡና የተረፈውን መልሰው ይጥረጉ፤ የሚንጠባጠብ ዘይት አቧራ ይሰበስባል።

ሄልሜት ለአራታችሁም ያስፈልጋል። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ላይ ማረፍ አለበት፤ ወደ ማጅራት የተንሸራተተ ሄልሜት ግንባርን አያድንም። ያገለገለ ሲገዙ የተሰነጠቀ ወይም የተጨፈለቀ ቦታ ካለው በነፃ ቢሰጥዎትም አይውሰዱት።

ብስክሌቶቹን በሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ሲጭኑ የካቴናው ወገን ወደ ላይ ይሁን፤ ማርሽ ቀያሪው ከታች ከተጫነ ይጣመምና ደርሰው ሲነዱ ካቴናው ይዘላል።

በጉዞው ላይ እርስዎ ፊት ይሁኑ፣ ልጆቹ መሐል፣ ሌላ አዋቂ ከኋላ። ፊት ያለውን ማለፍ ክልክል ነው። ዳገት ሳይጀምር ማርሽ ማቅለልን ያስተምሯቸው፤ ዳገቱ መሐል ላይ ጉልበት ሲጫን መቀየር ካቴና ያስወልቃል። ቁልቁል ሲሆን ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ቁመት ላይ ሆነው ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ማለት፣ ክርንና ጉልበትን ማላላት፣ ፍሬኑን በሁለቱም እጅ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ነው። ዐይን ወዳየበት ብስክሌቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ድንጋዩን ሳይሆን ከድንጋዩ አጠገብ ያለውን መንገድ እንዲያዩ ይንገሯቸው።

መንገዱ የገበሬው መሆኑን አይርሱ። የተጫነ አህያ ሲመጣ ወርደው ዳር ይያዙ፤ ደንብሮ ጭነቱን ቢጥል ጉዳቱ የሰው ነው። ለቅሶ ሲያልፍም ይወረዳል። ከኅዳር ጀምሮ አውድማ ላይና መንገድ ዳር እህል እንዲደርቅ ይዘረጋል፤ በላዩ አይነዳም። ውሻ ሲያሳድድ ልጆቹ ሮጠው ለማምለጥ እንዳይሞክሩ፤ ቆመው ወርደው ብስክሌቱን በራሳቸውና በውሻው መካከል ያድርጉ፤ እረኛው መጥቶ ይገስጸዋል። ሰላምታም ከእናንተ ይቅደም። በወሎ ገጠር ሰላም ብሎ ያለፈ እንግዳ ውሃ አይከለከልም፣ መንገድም ይጠቆማል።

ወቅቱን በተመለከተ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ይሻላል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ አለ፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አይታሰብም። መረሬ አፈር ከረጠበ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ጎማው መዞር እስኪያቅተው ያስረዋል፤ በጭቃ የነዱበት መንገድ ሲደርቅም ቦይ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ የሚመላለሰው ደግሞ ገበሬው ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ መሬቱ ጫማ ላይ መጣበቅ እስኪተው ይጠብቁ።

ለ8 ዓመት ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር በቂ ነው። ቆሎ፣ ሙዝና በቂ ውሃ ይያዙ። ልጁ «ይበቃኛል» ከማለቱ በፊት ያቁሙ፤ ሳይጠግብ የተመለሰ ልጅ በሚቀጥለው እሑድ እርሱ ራሱ ይቀሰቅስዎታል።

ባለቤትዎን በመጨረሻ ያነሳሁት የእርሳቸው ነገር ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። ቤተሰቡ ከመውጣቱ በፊት ለብቻቸው ይለማመዱ፤ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ሣር ባለበት የሰፈር ኳስ ሜዳ ላይ። ልጆቹና ጎረቤት ቆመው ካዩ ብዙ አዋቂ ሰው ያፍራል፤ ካፈረ ሰውነቱ ይገትራል፤ የተገተረ ሰውነት ሚዛን አይጠብቅም። ከኋላ መቀመጫውን ይዘው እየሮጡ አይግፉአቸው። ሚዛኑን የሚጠብቁት እርስዎ ከሆኑ እርሳቸው አይማሩትም። ይልቁንስ ሁለቱንም ፔዳል ይፍቱና መቀመጫውን እግራቸው ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ ያድርጉት። መሬቱን በእግራቸው እየገፉ ይሂዱ፤ መጀመሪያ በአጭር እርምጃ፣ ቀጥሎ በረጅሙ። ሁለቱን እግር አንስተው ጥቂት ሜትር ሲንሸራተቱ ሚዛኑ መጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚለማመዱት መቆምን ነው፤ ሁለቱንም ፍሬን በቀስታ ይዘው፣ ከቆሙ በኋላ እግር ማውረድ። መታጠፍ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ረጅም ቀሚስና ነጠላ ካቴናና ራጅ (የጎማው ሽቦዎች) ውስጥ ይገባልና ለልምምዱ ሱሪ ወይም ከሥር ጠበብ ያለ ልብስ ይልበሱ፤ የሻሽ ወይም የሒጃብ ጫፍም ወደ ውስጥ ይታሰር።

ሲንሸራተቱ ሳይፈሩ መታጠፍና መቆም ሲችሉ ፔዳሎቹን መልሰው ያስሩ። የሚያስፈልገው ቁጥር 15 ቁልፍ ነው። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራው ግን ጥርሱ ተቃራኒ ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። በግድ ካስገቡት ጥርሱ ይበላና ፔዳሉን የያዘው ክንድ መቀየር ይኖርበታል። ስለዚህ መጀመሪያ በእጅዎ ብቻ ሁለት ሦስት ዙር ያስገቡት፤ ሳያስቸግር ከገባ በኋላ በቁልፍ ያጥብቁት።